ወንድሜን በክርክር ረታሁት፣ ከዚያ ሦስት ዓመት አጣሁት

ይህን የምጽፈው እምነቱን ለሌላ ሰው ማካፈል እየፈለገ ከየት እንደሚጀምር ግራ ለገባው ነው። በተለይ በቅርቡ አምኖ ልቡ ለሚነድበት። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ክፉ አስቤ ያደረግኩት አንድም ነገር የለም። ያበላሸሁትን ሁሉ ያበላሸሁት በቅን ልብ ነው። ጥፋቴን ለማየት ያን ያህል የዘገየሁትም ለዚህ ይመስለኛል።

ጌታን የተቀበልኩት በ24 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ለዘጠኝ ዓመት መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። አባታችን ያረፈው ሌሊት ነበር። እኔ 15 ዓመቴ፣ ታላቅ ወንድሜ 19። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጨለማ ሲሆን ትንፋሽ ያጥረኛል። ወንድሜ ሁልጊዜ ከመተኛቱ በፊት በሬን ገርበብ አድርጎ "ተኛሽ?" ይለኝ ነበር። ወንድምም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ካመንኩ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ሌሊት መዝሙር 23ን አንብቤ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ መብራቱን አጠፋሁት። በቃ፣ ይኸው ነው። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይ አላየሁም። ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ማመን አቃተኝ። ታዲያ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ትንሽ ነገር መሰለኝ። ለሰው የሚነገረው ስለ ኃጢአት፣ ስለ መስቀል፣ ስለ ትንሣኤና ስለ ዘላለም ሕይወት ነው እንጂ ስለ አምፖል ነው እንዴ?

በዚያው ሰሞን የሁለት ቀን የምስክርነት ስልጠና ገባሁ። ከሮሜ መልእክት 3፥23ን፣ 6፥23ን፣ 5፥8ንና 10፥9ን በዚህ ቅደም ተከተል በቃሌ ያዝኩ። ሁሉ ኃጢአት ሠርቷል፣ የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው፣ ክርስቶስ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ስለ እኛ ሞቷል፣ በአፍህ ብትመሰክር በልብህም ብታምን ትድናለህ። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ አምኗል። በጥቅሶቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ ራሴ ላይ ነው። ጥቅሱን አጥብቄ ስይዝ ሰውየውን ለቀቅኩት።

ለወንጌል ስርጭት ወጥተን ስንመለስ ስንት ሰው እንዳናገርን ሪፖርት እናደርጋለን። እኔ ለዚሁ ብዬ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል አጭር አስተያየት። "ፍላጎት አለው።" "ይከራከራል።" "በሚቀጥለው ሳምንት ይደወልላት።" አንድ ቅዳሜ 11 ሰው መዝግቤ ተመለስኩና ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደስ አለኝ። ከአሥራ አንዱ የአንዳቸውንም መልክ ዛሬ አላስታውስም።

የወንድሜም ስም እዚያ ደብተር ላይ ነበረ።

ወንድሜ ሃይማኖት ጠል አይደለም። "እግዚአብሔር ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ሰው ሆኖ መኖር ነው" የሚል ዓይነት ሰው ነው። እኔ ግን በተገናኘን ቁጥር ወሬውን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እጎትተዋለሁ። ስለ ሥራው ሲያጫውተኝ "ሰው ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ ምን ይጠቅመዋል" እላለሁ። በየጠዋቱ በስልኩ ጥቅስ እልክለታለሁ፤ አንዳንዴ ሦስትም አራትም። መጀመሪያ "አሜን" ይል ነበር። ከዚያ አውራ ጣት ብቻ። ከዚያ ምንም። አንድ ምሽት ስለ ትንሣኤ ተከራከርን። ብዙ አንብቤ ነበርና መልስ አሳጣሁት። "እሺ፣ አሸንፈሻል" ብሎ ተነስቶ ሄደ። እኔ ደግሞ ጉዳዩን ለኅብረታችን እንደ ድል አወራሁት።

ከወር በኋላ ገደማ ባለቤቱ የሰባት ወር ጽንስ ሞተባት። ቤታቸው ስደርስ ወንድሜ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሕፃኑን አልጋ እየፈታ ነበር። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ ባዶ ጣሳ ውስጥ ይጥላቸዋል። ሲወድቁ ቃ ይላሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምነው እዚያ ላይ በቆምኩ! ምነው ዝም ብዬ ብሎን ባቀበልኩት!

አልቆምኩም። እግዚአብሔር ያለ ዓላማ ምንም እንደማያደርግ፣ ምናልባትም ወደ ራሱ ሊጠራው ፈልጎ እንደሆነ ነገርኩት። እንዲያውም "ይህ የማንቂያ ደወል ሊሆን ይችላል" አልኩት። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ወንድሜ አልጮኸም። በእጁ የያዘውን ብሎን ጣሳው ውስጥ ጣለና "ጨረስሽ?" አለኝ። ቀጥሎም "ሁለተኛ ቤቴ ስትመጪ እህቴ ሆነሽ ነይ። ሰባኪ አልጠራሁም" አለ። ባለቤቱ መኝታ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል፣ የቤተሰብ ጉዳይ የግድ ካላገናኘን በስተቀር አልተያየንም።

እባካችሁ፣ ያዘነ ሰው ዘንድ ስትሄዱ ሥራችሁ መቀመጥ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው አንድም ቃል አልተናገሩም (ኢዮብ 2፥13)። በደንብ የሠሩት ያን ሳምንት ብቻ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ራሱ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው። እነሱ ግን ለእሱ የቆሙለት መስሏቸው ነበር። እኔም እንደዚያው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጥኩ። ጭጭ አልኩ። "ኑሮዬ ይስበክ" የሚል ጥሩ መሸሸጊያም አገኘሁ። ኑሮ እንደሚሰብክ አልክድም፤ እኔ ግን አባባሉን የያዝኩት ፈርቼ ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት ገብቼ ሁለት ዓመት ስሠራ ክርስቲያን መሆኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አጠገቤ የምትቀመጥ ባልደረባ ነበረችኝ። ትዳሯ ፈርሶ ክፉ ጊዜ አሳልፋለች። ስንት ቀን አብረን አልቅሰናል። አንድ ቀን በአጋጣሚ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አየችኝና በማግስቱ "ትጸልያለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ያን ሰሞን፣ እኔ እንደዚያ ስሆን ትጸልዪ ነበር?"

"ላንቺም ጸልያለሁ።"

ትንሽ ዝም አለች። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ይጠቅማታል ብለሽ አላመንሽም ወይስ አይገባትም ብለሽ ነው?"

የምመልሰው ጠፋኝ። ንግግሬ ሰው እንደሚጎዳ ከወንድሜ ተምሬ ነበር። ዝምታዬም እንደሚጎዳ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ "ለምን?" ብዬ የጠየቅኩትም ያኔ ነው። እንዴት እንደሚመሰከር ተምሬያለሁ፤ ለምን እንደሚመሰከር ግን አስቤበት አላውቅም። ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ። ማቴዎስ 28 ሂዱና አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት አድርጉ ይላል፤ የሐዋርያት ሥራ 1፥8 ምስክሮቼ ትሆናላችሁ ይላል። ነገር ግን ትእዛዝነቱን ብቻ የያዘ ሰው ቶሎ ኮታ ያደርገዋል። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ደብተሬ ይመስክር።

ወንጌላቱን እንደ አዲስ ሳነብ ያስተዋልኩት፣ ማንም ሳያዛቸው የተናገሩት ሰዎች ብዛት ነው። እንድርያስ መጀመሪያ ያደረገው ወንድሙን ስምዖንን ፈልጎ መሲሑን አገኘነው ማለት ነው። ሳምራዊቷ ሴት እንስራዋን እዚያው ጉድጓዱ ዳር ትታ ወደ ከተማ ገባች። ለከተማው አውሪ ያላት የለም። ያደረግኩትን ሁሉ የነገረኝን ሰው ኑና እዩ አለች፤ "ይህ ክርስቶስ ይሆንን?" ብላ በጥያቄ ነው የጨረሰችው። ወንጌል የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ የምሥራች ነው። ባልደረባዬም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። የምሥራች ከሆነ ምን ያስደብቀዋል?

ሌላው "ምስክር" የሚለው ቃል ነው። ፍርድ ቤት ምስክር የሚጠራው ያየውን እንዲናገር ነው። መክሰስ የዐቃቤ ሕግ ነው፣ መፍረድ የዳኛ። እኔ የራሴን ወንበር ባዶ ትቼ በሁለቱ ወንበሮች ላይ እየተፈራረቅኩ ስቀመጥ ከርሜያለሁ። በማርቆስ 5 ላይ አጋንንት የወጡለት ሰው ኢየሱስን ልከተልህ ብሎ ለመነው። አልፈቀደለትም። ወደ ቤትህ ሂድና ጌታ ያደረገልህን ለዘመዶችህ ንገራቸው አለው። ሰውየው አንድም ስልጠና አልወሰደም። ዐሥር ከተማ በሚባለው አገር የሆነለትን አወራ፣ የሰሙትም ተደነቁ። በዮሐንስ 9 ላይ ዐይኑ የበራለትም ሰው ሊቃውንቱ ሲያፋጥጡት፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ። ዕውር እንደነበርኩ አሁን ግን እንደማይ፣ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ አላቸው።

እነዚህን ታሪኮች ስንት ጊዜ አነበብኳቸው መሰላችሁ። አምፖሌ ግን አሁንም ትዝ አላለኝም።

በተግባር ያሳዩኝ አንዲት እናት ናቸው። በየቅዳሜው ሆስፒታል እየሄዱ ጠያቂ የሌላቸውን በሽተኞች ይጠይቃሉ። አንድ ቀን "ልከተልዎት?" አልኳቸው። "ነይ፣ መጽሐፍ ቅዱስሽን ግን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው" አሉኝ።

እንደደረስን መጀመሪያ ነርሷን አስፈቀዱ። "አልጋ ላይ የተኛ ሰው ደስ ባይለው ተነስቶ አይሄድም። ስለዚህ እምቢ ማለት እንዲቀለው የምታደርጊው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምክር እስከዛሬ አልሰማሁም። ከዚያ አንዲት ወጣት ተኝታበት ወደነበረው አልጋ ሄድን። ስሟን ጠየቋት፣ ትራሷን አስተካከሉላት። "ልጄ፣ ልጸልይልሽ ወይስ ዝም ብዬ ልቀመጥ?" አሏት።

ልጅቷ ጣሪያውን እያየች "ዝም ብለው ይቀመጡ" አለች።

ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ፣ ጥቅስ ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ እየተመለሰ፣ ተቁነጥንጬ ልሞት። ስንነሳ ልጅቷ "ሳምንት ይመጣሉ?" አለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ራሷ ጠየቀች። "እርስዎ ግን ለምንድን ነው የሚመጡት?" መልሳቸው ሁለት ደቂቃም አልሞላ። ልጅ መቅበራቸውን፣ ያን ሰሞን እግዚአብሔርን ተቆጥተው እንደነበር፣ እሱ ግን እንዳልተዋቸው ነገሯት። ጥቅስ አንድ ብቻ ጠቀሱ። እሱንም ልጅቷ "ይሄ የት ነው የተጻፈው?" እስክትል ጥቅስ መሆኑን አልተናገሩም። ከዚያ ዝም።

ስንወጣ "ይህን ያህል መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?" አልኳቸው። "ሳይከፈትለት የሚገባ ሌባ ነው" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህ ማለት ሰው እስኪጠይቀን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት አይደለም። ፊልጶስን ተመልከቱት። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ወዳለበት ሰረገላ ሮጠ። መሮጡ ድፍረት ነው። ሲደርስ ግን መጀመሪያ ሰማ፤ ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው። ቀጥሎ ጠየቀ፤ የምታነበውን ታስተውለዋለህን? ሰረገላው ላይ የወጣው ሲለመን ነው። የጀመረውም ሰውየው ራሱ ከያዘው ምዕራፍ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት መሮጡን ብቻ ነበር።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ሰው ሲያጫውተኝ ቢያንስ ሁለት ጥያቄ ሳልጠይቅ ስለ እምነቴ አላነሳም። ጥያቄ ስል ወጥመድ ማለቴ አይደለም፤ መልሱን በእውነት ማወቅ የምፈልገውን ነው። ከዚያ "እኔን የረዳኝን ልንገርሽ? ካልፈለግሽ ችግር የለም" እላለሁ። "አይ" ካሉኝ ወሬ እንቀይራለን፣ ፊቴም አይጠቁርም። ፊታችሁ ከጠቆረ ያ "ችግር የለም" ያላችሁት ውሸት ነበር ማለት ነው።

የራሳችሁን ታሪክ በሦስት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። ቤተ ክርስቲያን ለማይሄድ ወዳጃችሁ ንገሩትና ያልገባውን ቃል በሰማ ቁጥር እንዲያስቆማችሁ ለምኑት። እኔ ለባልደረባዬ "በደሙ ታጥቤያለሁ" ብዬ ጀመርኩ። "በማን ደም?" አለችኝ ዐይኗን አፍጥጣ። "ላንቺ ሸክም አለኝ" ስላት ደግሞ የከበደችብኝ መሰላት። ለእኛ የለመድነው የቤት ቋንቋ ለሌላው ሰው ባዕድ ነው። የድሮ ሕይወታችሁንም ታሪኩ እንዲያምር ብላችሁ አታጥቁሩት። ሰው ቢያጣራ የሚያገኘው እናንተ ያላችሁትን መሆን አለበት።

እግዚአብሔር ያልገባውን ቃል አትግቡለት። "ካመንክ ትፈወሳለህ"፣ "ካመንሽ ሥራ ታገኛለሽ" ብዬ የተናገርኳቸው ሰዎች አሉ። ያልሆነላቸው ሰዎች ሁለት ነገር ነው ያጡት፤ የጠበቁትንም፣ በእኔ ላይ የነበራቸውን እምነትም። ሰው ስትረዱም እርዳታችሁን ከስብከታችሁ ጋር አታያይዙት። አለቃ ከሆናችሁ የበታቻችሁ ሠራተኛ እንደዚያች በሽተኛ "አይ" ማለት እንደሚከብደው አስቡ። ልጆችን ከሆነ ደግሞ ወላጆቻቸው ሳያውቁ አይሆንም፤ በዚህ አልደራደርም።

የሌላውን እምነት ማንቋሸሽም ተዉ። ጳውሎስ አቴና ከተማ ጣዖት ሞልቶባት ሲያይ መንፈሱ ተበሳጭቶበታል። ሲናገራቸው ግን የጀመረው "ለማይታወቅ አምላክ" ተብሎ ከተጻፈበት ከራሳቸው መሠዊያ ነው። ያም ሆኖ አንዳንዱ አፌዘበት፣ አንዳንዱ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አለው፣ ጥቂቶች አመኑ። ሐዋርያው ይህን ካገኘ እኔ በአንድ ቅዳሜ 11 ሰው ላሳምን ነበር!

ባልደረባዬ በነገራችን ላይ ሰምታኝ "ደስ ይላል፣ ለእኔ ግን አይመስለኝም" ብላለች። ይህ ከሆነ ቆይቷል። አሁንም ጓደኛሞች ነን። "አይ" ካላችሁ ሰው ጋር ወዳጅነታችሁ ካበቃ፣ ቀድሞም ወዳጅነት አልነበረም።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ይቅርታ ለመጠየቅ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። "ካስቀየምኩህ ይቅርታ" አልኩ። ያቺ "ካ" ታስጠላለች። እንዳስቀየምኩት አውቃለሁኮ። አጠፋኋት። ቀጥሎ "ይቅርታ፣ ግን ለአንተ አስቤ ነው" ብዬ ጻፍኩ። "ግን" ከገባ በኋላ ያለው ሁሉ ራሴን መከላከል ሆኖ አገኘሁት። እሱንም አጠፋሁ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦ "ልጃችሁ በሞተበት ሰሞን አብሬያችሁ ማልቀስ ሲገባኝ ሰበክኩባችሁ። አጥፍቻለሁ። አንተንም ባለቤትህንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። "እሺ። እሁድ ጠዋት ነይ።"

እሁድ ጠዋት! ፈተና ይሁን አይሁን እስካሁን አልጠየቅኩትም። ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት። በሩ ላይ እንደቆምኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። መልስ ሳትሰጠኝ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ወንድሜ ግን ከመሳቢያ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ደብተሬ። "ያን ቀን ረስተሽው ሄደሽ" አለ። ጠፋብኝ ብዬ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ገልጦ አሳየኝ። በግራ በኩል ስሙ። በቀኝ በኩል በእጅ ጽሑፌ፦ "ልበ ደንዳና።"

"ሦስት ዓመት እያወጣሁ አየዋለሁ" አለኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የምናገረው ነገር አልነበረኝም፣ አልተናገርኩምም። አለቀስኩ። እሱ ስለ ልጁ ነገረኝ፤ ሊያወጡለት ያሰቡትን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። የዚያን ዕለት ስለ እምነት አንድ ቃል አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ እህት ብቻ ሆኜ ተመላለስኩ። መጸለዬን አልተውኩም። መጠበቅ ሲከብደኝ የታወቀውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስን እናት የሞኒካን ታሪክ አስብ ነበር። አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጄን አነጋግርልኝ፣ ስህተቱን አሳየው ብላ ለመነችው። እምቢ አላት። አሁን ለመማር አልተዘጋጀም፣ ተይው፣ ብቻ ጸልዪለት አላት። ብትነዘንዘው፣ ብታለቅስበት፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ አይጠፋም ብሎ አሰናበታት። አውግስጢኖስ የተጠመቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ387 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪም ሕንድ የደረሰው በ1793 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያውን ሕንዳዊ አማኝ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። ሰባት ዓመት። እነሱ በየሳምንቱ ሪፖርት ቢጠየቁ ምን ሊሉ ነበር?

አንድ ምሽት እነወንድሜ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት መብራት ጠፋ። ወንድሜ ወዲያው ብድግ ብሎ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ይጎረጉር ጀመር። ለእኔ ብሎ ነው፤ የልጅነት ልማዱ።

"ተወው፣ ደህና ነኝ" አልኩት።

ጨለማው ውስጥ ቆመ። መሳቢያው ሲዘጋ ሰማሁት። "መቼ ነው የተወሽ?" አለኝ።

እዚያው ጨለማ ውስጥ ነገርኩት። ስለ አባታችን ሌሊት፣ ስለ መዝሙር 23፣ በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና የሚለው ላይ ስደርስ ስለሆነው፣ መብራቱን ስላጠፋሁበት ሌሊት። አሁንም ፍርሃት አንዳንዴ ብቅ እንደሚል ጨምሬ ነገርኩት። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ወንድሜ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ ተለውጦ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በርሽ ላይ ስቆም የኖርኩት እኔ፣ ይህን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው።"

"ስንት ጥቅስ ልከሽልኛል" አለ። "ይህን ግን አልነገርሽኝም።"

ቆይቶ ደግሞ፣ "ልጃችንስ? ያ ለምን ሆነ?" አለ። ከአራት ዓመት በፊት ለዚህ መልስ ነበረኝ። "አላውቅም" አልኩት። ባለቤቱ በጨለማው ውስጥ እጇን ትከሻዬ ላይ ስታሳርፍ ተሰማኝ። መብራቱ እስኪመጣ ማንም አልተናገረም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከየት ማንበብ እንደሚጀመር ጠየቀኝ። ማርቆስን ጠቆምኩት፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ ከአራቱ አጭሩ። ወንድሜ አምኗል ወይ ብትሉኝ፣ አላመነም። ያምን ይሆን? አላውቅም። በራሱ ፍጥነት ያነባል፣ ያሻውን ይጠይቃል።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት መልእክት ላከልኝ። ምዕራፍ 5 ላይ ደርሷል። "ሁለት ሺህ አሳማ ባሕር ገባ! ባለቤቶቹን ማን ካሳቸው?"

ድሮ ቢሆን በሦስት ነጥብ የተከፈለ መልስ እልክ ነበር። "እኔንም ገርሞኝ ያውቃል" ብዬ መለስኩለት። "እሁድ ልምጣ?"

"ነይ" አለኝ። "ደብተር ሳትይዢ።"